«ገለጻ ብቻ ነው» ተብሎ ለተመለሰባችሁ፦ ስለ ደቡብ ኮሪያ ዕድገት ሂሳዊ ጥናት እንዴት ይጻፋል?

ስለ ደቡብ ኮሪያ የሚጻፉ የሴሚናርና የማስተርስ ወረቀቶች እርስ በርስ ይመሳሰላሉ። በጦርነት የወደመች አገር ትመጣለች። ቆራጥ መሪ ይከተላል። ከዚያ የአምስት ዓመት ዕቅድ፣ ኤክስፖርት፣ ሳምሰንግ። መጨረሻ ላይ «ኢትዮጵያም ከዚህ ትምህርት ልትወስድ ይገባል» የሚል አንቀጽ ይለጠፋል። አማካሪው በቀይ እስክርቢቶ «ገለጻ ነው፤ ትንታኔው የት አለ?» ብሎ ይመልሰዋል። ተማሪው አሥር ገጽ ጨምሮ ያስገባል። እሱም ይመለሳል።

ችግሩ የገጽ ማነስ አይደለም። ወረቀቱ ውስጥ ሰው የለም። ማን ወሰነ? ማን ሠራው? ዋጋውን ማን ከፈለ? እነዚህን ሦስቱን ሳይጠይቅ የተጻፈ ነገር መቶ ገጽም ቢሆን ሂሳዊ አይሆንም። ከታች ያለውን ቅደም ተከተል ሳታዛቡ ሂዱበት። ዓመቶቹና ቀኖቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛ ሲሆን «ዓ.ም.» እላለሁ።

ከመጀመራችሁ በፊት የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለሴሚናር ወረቀት ቢያንስ ስድስት ሳምንት ያዙ። ግማሹ ለንባብ ነው። በመጨረሻው ሳምንት የሚጀመር ወረቀት ገለጻ ከመሆን አያመልጥም፤ ምክንያቱም ለመግለጽ አንድ ምንጭ ይበቃል፣ ለመመርመር ግን አይበቃም።

የዩኒቨርሲቲያችሁን ላይብረሪያን ሄዳችሁ አነጋግሩ። ኢትዮጵያ ውስጥ ያሉ ተቋማት «ሪሰርች ፎር ላይፍ» በሚባለው ፕሮግራም በኩል ብዙ የሚከፈልባቸው ጆርናሎችን ማግኘት ይችላሉ። የይለፍ ቃሉ ላይብረሪው ጋ ተቀምጦ ተማሪው የማያውቅበት ጊዜ ብዙ ነው። ያ ካልሆነ ጄስቶር ላይ ነጻ አካውንት ክፈቱ፤ በየወሩ የተወሰኑ ጽሑፎችን ኦንላይን ማንበብ ያስችላል።

አንድ የኤክሴል ፋይልም አዘጋጁ። ለምን እንደሚያስፈልግ ደረጃ 5 ላይ ይገባችኋል።

ደረጃ 1፦ ጥያቄውን አጥብቡ

«ደቡብ ኮሪያ እንዴት አደገች?» ለአንድ ወረቀት የሚሆን ጥያቄ አይደለም። አንድ ቦታ፣ አንድ ዘመን፣ አንድ የሰው ወገን ምረጡ። ለምሳሌ፦

– በ1960ዎቹ መጨረሻ በሴኡሉ ፒዮንግህዋ ገበያ የነበሩ የልብስ ስፌት ሠራተኞች የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ እያለ ለምን አልጠበቃቸውም?

– በ1970 የተጀመረው ሴማኡል ኡንዶንግ («አዲስ መንደር» የተባለው የመንግሥት የገጠር ዘመቻ) ለመንደሮች ሲሚንቶ ሲያድል፣ ሲሚንቶው ላይ የፈሰሰውን ጉልበት ማን አዘዘበት?

– በ1965 ከጃፓን ጋር በተደረገው ስምምነት የመጣው ገንዘብ በቅኝ ግዛት ዘመን በግዳጅ ሥራ ለተጎዱት ሰዎች ለምን በቅጡ አልደረሰም?

ሦስተኛዋ በተለይ ጥሩ ናት። ጃፓን 300 ሚሊዮን ዶላር በስጦታ፣ 200 ሚሊዮን ደግሞ በብድር ሰጠች። ከገንዘቡ ከፊሉ የፖስኮን ብረት ፋብሪካ ለማቋቋም ዋለ። የተጎጂዎቹ ክርክር ግን አላበቃም፤ የኮሪያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2018 የጃፓኑ ብረት አምራች ኩባንያ ካሳ እንዲከፍላቸው ፈርዷል። አንድ ፋብሪካ ላይ ተነሥታችሁ ቅኝ ግዛትን፣ ልማትንና ፍትሕን በአንድ ክር ታገኛላችሁ።

መፈተኛው ይኸው፦ ጥያቄያችሁን ለጓደኛችሁ ንገሩትና መልሱን ይገምት። ከመጀመሪያው ትክክል ከገመተ ጥያቄው ደካማ ነው።

*አልጠብ ካለ፦* ከጥያቄ ሳይሆን ከአንድ ቀን ጀምሩ። ኅዳር ወይም ነሐሴ ውስጥ የሆነ አንድ ክስተት ምረጡ፣ ስለሱ ብቻ አንብቡ፣ ጥያቄው ራሱ ይመጣል። ቀጣዩ ደረጃ ላይ እንዲህ ያለ ቀን አሳያችኋለሁ።

ደረጃ 2፦ «ኮሪያ»ን ከዓረፍተ ነገሩ አውጡ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ደረጃ ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ይህንን ሥሩ።

የሚከተለውን ዓረፍተ ነገር ተመልከቱ፦ «ኮሪያ የሴኡል–ቡሳንን 428 ኪሎ ሜትር የፍጥነት መንገድ በሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ገነባች።» ስሕተት የለበትም። ሥራው በየካቲት 1968 ተጀምሮ በሐምሌ 1970 ተመርቋል። ሰው ግን የለበትም። አሁን «ኮሪያ»ን አውጡና የሠሩትን ሰዎች አስገቡ (ፓርክ ቹንግ ሂ ከ1961 እስከ 1979 አገሪቱን የገዛው ጄኔራል ነው)፦

«የፓርክ ቹንግ ሂ መንግሥት መንገዱ ባጭር ጊዜ እንዲያልቅ ወሰነ። ሂዩንዳይን ጨምሮ የግል ኮንትራክተሮችና የጦሩ መሐንዲሶች ሠሩት። በሥራው ላይ 77 ሰዎች ሞቱ።»

አሁን ጥያቄው ራሱ መጣ። ለምን ይህን ያህል ተቻኮለ? ለሟቾቹ መንገዱ ዳር መታሰቢያ ቆሞላቸዋል፤ መታሰቢያው ምን ይላል፣ ምንስ አይልም? ኩባንያዎቹ ከዚህ ሥራ በኋላ የት ደረሱ? ትንታኔ የሚባለው እንግዲህ እዚህ ጋ ነው የሚጀምረው።

አሠራሩ ይህን ይመስላል፦

1. ረቂቃችሁን ፕሪንት አድርጉ። ስክሪን ላይ ዓይን ያልፈዋል።

2. «ኮሪያ»፣ «መንግሥት»፣ «ሕዝቡ» ባለቤት የሆኑባቸውን ዓረፍተ ነገሮች በሙሉ በማርከር ቀቡ።

3. «ተገነባ»፣ «ተደረገ»፣ «ተስፋፋ» የሚሉትንም ቀቡ። አማርኛ በዚህ በኩል ያባብላል፤ ሠሪውን ሳይጠሩ ገጽ መሙላት ይቻላል።

4. እያንዳንዱን ቅብ በሰው፣ በመሥሪያ ቤት፣ በኩባንያ ወይም በማኅበር ስም ተኩ።

5. መተካት ያቃታችሁን በሌላ ወረቀት ጻፉ። ያ ዝርዝር የንባብ ዕቅዳችሁ ነው።

አሁን ቃል የገባሁላችሁ ቀን። ኅዳር 13 ቀን 1970 በሴኡል ፒዮንግህዋ ገበያ ጆን ቴ ኢል የሚባል የ22 ዓመት ጨርቅ ቆራጭ የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉን መጽሐፍ ይዞ በራሱ ላይ እሳት ለኮሰ። «እኛ ማሽን አይደለንም» እያለ ጮኸ፤ በዚያው ምሽት ሞተ። ሕጉ ከ1953 ጀምሮ በወረቀት ላይ ነበር።

አብዛኛው ወረቀት ይህንን በአንድ መስመር ነክቶ ያልፋል። እናንተ ግን ቆም በሉ፤ ወደ ክፍሉም ግቡ። ባለ ሱቆቹ ቦታ ለመቆጠብ የክፍሉን ከፍታ በቆጥ ለሁለት ከፍለውታል። ስለዚህ ውስጡ ቀጥ ብሎ መቆም አይቻልም። ረዳት ልብስ ሰፊዎቹ አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ፣ በአሥራዎቹ መጀመሪያና መካከል ያሉ ልጃገረዶች ናቸው። በቀን 14 ሰዓት ገደማ ይሠራሉ። ጆን ቴ ኢል የአውቶቡስ ገንዘቡን ዳቦ ገዝቶ ለነሱ እየሰጠ በእግሩ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር።

ለእናንተ ከሁሉም የሚጠቅማችሁ ግን የሚከተለው ነው። ሰውየው ከመሞቱ በፊት ተመራማሪ ነበር። ሕጉን ገዝቶ አነበበ። በ1969 ከጓደኞቹ ጋር «የሞኞች ማኅበር» አቋቋመ፤ መብት እንዳላቸው ሳያውቁ መኖራቸው ሞኝነት ነው ብለው ያወጡት ስም ነው። ለሠራተኞች መጠይቅ በተነ። ውጤቱን ይዞ የመንግሥት ቢሮ ደጅ ጠና። አቤቱታ አስገባ። መልስ አጣ። እንግዲህ ጥያቄያችሁ «ለምን ሞተ?» ብቻ መሆኑ ይቀርና «መረጃው የመንግሥት ጠረጴዛ ላይ ደርሶ ሳለ ለምን ምንም አልሆነም?» ይሆናል። ሁለተኛው ጥያቄ ወረቀት ይወጣዋል።

*ማስጠንቀቂያ፦* «ኮሪያ»ን አውጥታችሁ በቦታዋ «ፓርክ ቹንግ ሂ»ን ብቻ ካስገባችሁ ያው ናችሁ። ሠራተኛውንም የተመታ፣ ያለቀሰ፣ የሞተ ብቻ አድርጋችሁ አትሣሉት። በ1979 ዋይ ኤች የሚባል የዊግ ፋብሪካ ሲዘጋ ሴት ሠራተኞቹ የተቃዋሚውን ፓርቲ ጽሕፈት ቤት መርጠው ገብተው ተቀመጡ። ፖሊስ በኃይል ሲያስወጣቸው አንዷ ሞተች፤ የፖለቲካው ቀውስ ከዚያ ተባባሰ። በጥቅምት ፓርክ ራሱ በደኅንነት ሹሙ ጥይት ተገደለ። የት እንደሚቀመጡ የመረጡት ሴቶች ስሌት ነበራቸው። ስሌታቸውን ጻፉ።

ደረጃ 3፦ ከሦስት ወገን ምንጭ ሰብስቡ

አንደኛው ወገን መንግሥትና ደጋፊዎቹ ናቸው። በ1971 የተቋቋመው የኮሪያ ልማት ኢንስቲትዩት ብዙ ሰነዶችን በእንግሊዝኛ በነጻ አስቀምጧል። ሁለተኛው ወገን የሠሩትና የታሰሩት ናቸው፦ የሠራተኛ ማኅበር መዛግብት፣ ግለ ታሪኮች፣ የግዋንግጁው የግንቦት 1980 ሕዝባዊ አመፅ ሰነዶች (በ2011 በዩኔስኮ የዓለም መዝገብ ገብተዋል)፣ የእውነትና ዕርቅ ኮሚሽኑ ሪፖርቶች። ሦስተኛው ወገን የውጭ ታዛቢ ነው። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የድሮ ቴሌግራሞች ኦንላይን በነጻ ይገኛሉ። አምባሳደሩ በ1961 ወይም በ1972 ለዋሽንግተን የጻፈውን ራሳችሁ ታነባላችሁ።

ከነዚህ አንዱ ወገን ባዶ ከሆነ መጻፍ አትጀምሩ።

የኮሚሽኑን ሪፖርት የማያነብ ሰው የሚያመልጠውን በአንድ ምሳሌ ላሳይ። በ1975 የወጣ የአገር ውስጥ ጉዳይ መመሪያ «ቤት አልባ» የተባሉ ሰዎችን ከጎዳና ማፈስን ፈቀደ። ቡሳን ውስጥ «የወንድማማቾች ቤት» የተባለ ማጎሪያ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን፣ ሕፃናትን ጨምሮ፣ ያለ ፍርድ ያዘ። ኮሚሽኑ በ2022 ቢያንስ 657 ሰዎች እዚያ መሞታቸውን አረጋግጧል። የዕድገት ግራፍ ላይ ይህ አይታይም።

*ፍለጋው ባዶ ከመለሰላችሁ፦* አጻጻፉን ቀይሩ። የኮሪያ ስሞች በላቲን ፊደል የሚጻፉባቸው ከአንድ በላይ ሥርዓቶች አሉ፤ መንግሥት በ2000 አዲሱን አወጀ፣ የቆዩት ጽሑፎች ግን በአሮጌው ናቸው። «ቡሳን» ብላችሁ ያጣችሁት «ፑሳን» ስትሉ ይመጣል። «ግዋንግጁ» ያላችሁት «ኳንግጁ» ነው። «ጆን ቴ ኢል» ደግሞ «ቹን ቴ ኢል» ሆኖ ተቀምጧል። ሁለቱንም ሳትፈልጉ «በቂ ጥናት አልተሠራም» ብላችሁ አትጻፉ። ይህቺ ዓረፍተ ነገር ብዙ ሰው የወረቀት መከላከያ (ዲፌንስ) ላይ አሳፍራለች።

*ስም ስትመዘግቡ፦* ኮሪያዎች የቤተሰብ ስም ያስቀድማሉ። ፓርክ የቤተሰብ ስም ነው፣ ቹንግ ሂ የራሱ። የምዕራብ ጆርናሎች አንዳንዴ ይገለብጡታል። ኪም፣ ሊ፣ ፓርክ የሚባሉ ደራሲዎች እጅግ ብዙ ስለሆኑ ሙሉ ስማቸውን ካልያዛችሁ ሁለት ሰዎችን አንድ ታደርጋላችሁ።

*ቋንቋው ከያዛችሁ፦* የማሽን ትርጉም ፍንጭ ለማግኘት ተጠቀሙበት። በጥቅስ ምልክት ውስጥ ግን አታስገቡት፤ መጀመሪያ ኮሪያኛ የሚያውቅ ሰው ይይላችሁ። ቻትጂፒቲ የሰጣችሁን ማጣቀሻም ፋይሉን ከፍታችሁ ገጹን ሳታዩ አትጥቀሱ። ያልተጻፈ ጽሑፍ በሚያምር ርዕስ ፈጥሮ ይሰጣችኋል።

ደረጃ 4፦ ቁጥሩን አሠቃዩት

«በ1960 ኢትዮጵያ ከደቡብ ኮሪያ ትሻል ነበር።» ይህንን ያልሰማ የለም። ታክሲ ውስጥም ይባላል፣ ቲቪ ላይም፣ ማስተርስ ወረቀት ላይም። ምንጩ «የዓለም ባንክ» ይባላል።

አሁን የዓለም ባንክን ዳታ ክፈቱ። የኮሪያን ከ1960 ጀምሮ ታገኛላችሁ። የኢትዮጵያ የአገር ውስጥ ምርት አኃዝ ግን የሚጀምረው በ1981 ነው። ስለዚህ ያ ንጽጽር ከዚያ ሰንጠረዥ ሊወጣ አይችልም። ወደ ኋላ የሚሄዱት የማዲሰን ፕሮጀክት (የአገሮችን የቆየ ገቢ የሚገምት የኢኮኖሚ ታሪክ ጥናት) ግምቶች ደግሞ ኮሪያን ገና በ1950 ከኢትዮጵያ በላይ ነው የሚያስቀምጧት። አባባሉን ደስ ስላለን ይዘነው ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም።

የነፍስ ወከፍ ገቢን በዶላር ስትጠቅሱ ሌላ ወጥመድ አለ። በግንቦት 1964 የኮሪያ መንግሥት የገንዘቡን የወንን ዋጋ አወረደ፤ አንድ ዶላር ከ130 ወን ወደ 255 ወን ገደማ ሆነ። በዚያ ሳምንት በወን ያገኘው ሰው ያገኘውን ያህል ነው ያገኘው። በዶላር ሲመነዘር ግን ገቢው በግማሽ ገደማ ቀነሰ። ከዚያ በፊት የነበሩት የዶላር አኃዞች ምን ያህል የሚለጠጡ እንደሆኑ ከዚህ እዩ።

ስለዚህ እያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ አራት ነገር ጻፉ፦ ማን ቆጠረው? በምን ዓመት ዋጋ? በየትኛው ምንዛሪ? ማንን ሳይቆጥር? የመጨረሻዋን ማንም አይሠራትም። የፋብሪካ ደመወዝ አማካይ ስትጠቅሱ ሴቶቹ በዚያ ዘመን ከወንዶቹ ግማሽ የማይሞላ ያገኙ እንደነበር ካልጻፋችሁ፣ አማካዩ ማንንም አይወክልም። ትንንሾቹ ወርክሾፖች ደግሞ ቆጠራው ውስጥ ላይኖሩም ይችላሉ።

*ሁለት ምንጮች ከተጋጩ፦* መካከለኛውን አትውሰዱ። ሁለቱንም ጻፉና ለምን እንደሚለያዩ በአንድ አንቀጽ አስረዱ። ያ አንቀጽ ብዙውን ጊዜ ከወረቀቱ ሁሉ ጠንካራው ይሆናል።

ደረጃ 5፦ ሦስት ዓምድ ያለው የጊዜ ሰንጠረዥ ሥሩ

ኤክሴሉን አውጡ። አንደኛው ዓምድ «አገር ውስጥ»፣ ሁለተኛው «ከውጭ»፣ ሦስተኛው «ማን ከፈለ»። ዓመቶቹን ወደ ታች ደርድሩ።

ለመነሻ የሚሆናችሁ ይኸው። 1949–50፦ የመሬት ሕግ ወጣ፤ ጣሪያው 3 ሄክታር ገደማ፣ መሬቱ ለአራሹ ባለቤትነት ተሰጠ፣ ዋጋውን ገበሬው በምርት በአምስት ዓመት ይከፍላል። 1950ዎቹ፦ አብዛኛው የገቢ ዕቃ በአሜሪካ ዕርዳታ ተሸፈነ። ከ1963 ጀምሮ፦ ወደ 8 ሺህ የሚጠጉ ማዕድን ቆፋሪዎችና ከ10 ሺህ በላይ ነርሶች ወደ ምዕራብ ጀርመን ሄዱ። 1964–73፦ ከ300 ሺህ በላይ የኮሪያ ወታደሮች ተራ በተራ ቬትናም ዘመቱ፣ ኩባንያዎቹም እዚያ ኮንትራት አገኙ። 1965፦ የጃፓን ገንዘብ። 1972፦ ፓርክ ሥልጣኑን ያለ ገደብ ያደረገው የዩሺን ሕገ መንግሥት። 1973፦ የከባድ ኢንዱስትሪ ዘመቻ።

ሦስተኛውን ዓምድ እናንተ ሙሉት። ቬትናም ላይ ስትደርሱ የሞቱትን የኮሪያ ወታደሮች ብቻ ጽፋችሁ አትለፉ። የኮሪያ ጦር የገደላቸው የቬትናም መንደር ነዋሪዎች ጉዳይ ኮሪያ ውስጥ ራሱ ፍርድ ቤት ደርሷል፤ በ2023 አንድ የሴኡል ፍርድ ቤት ለአንዲት ከጭፍጨፋው የተረፈች ቬትናማዊት መንግሥት ካሳ እንዲከፍል ወስኗል። የአንዱ እስያዊ አገር ዕድገት በሌላው እስያዊ አገር ላይ ያረፈበት ቦታ ነው።

*ማስጠንቀቂያ፦* ተከትሎ የመጣ ሁሉ ምክንያት አይደለም። ሰንጠረዡ ጥያቄ ይሰጣችኋል እንጂ መልስ አይሰጣችሁም።

ደረጃ 6፦ «ባህላቸው ነው» የሚለውን ሰርዙ

«ኮሪያዎች በኮንፊሽየስ ባህል ምክንያት ታታሪና ታዛዥ ናቸው።» ረቂቃችሁ ውስጥ ይህ ካለ አውጡት። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ ግማሽ ብዙ ጸሐፊዎች ያንኑ ኮንፊሽየስን ለምሥራቅ እስያ ኋላ ቀርነት ምክንያት ያደርጉት ነበር። ዕድገቱ ሲመጣ የዕድገቱ ምክንያት አደረጉት። ለሁለት ተቃራኒ ውጤቶች የሚሆን ምክንያት ለአንዱም አይሆንም። «ታዛዥ» የተባለው ሠራተኛ ደግሞ በ1987 ክረምት (በነሱ በጋ) በሺዎች በሚቆጠሩ ፋብሪካዎች አድማ መታ። ባህሉ በሐምሌ የት ሄደ?

ባህልን አትጻፉ ማለቴ አይደለም። መንግሥት በሴማኡል ዘመቻ «ትጋት፣ ራስን መቻል፣ መተባበር» የሚሉትን መፈክሮች እንዴት እንዳሰረጸ ጻፉ። በ1970–71 ለ33 ሺህ ገደማ መንደሮች 335 ከረጢት ሲሚንቶ ለእያንዳንዳቸው ታደለ። በሚቀጥለው ዙር የተሰጠው በደንብ ለሠሩት ብቻ ነበር። ትጋቱን ባህል ብቻ አላመጣውም፤ ሲሚንቶው፣ ፉክክሩና የወረዳው ሹም አብረው ነበሩ።

ደረጃ 7፦ ክርክራችሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

ከዚህ በፊት አትጻፉት፤ ከዚህ በኋላም አታዘግዩት።

ደካማ፦ «የደቡብ ኮሪያ ዕድገት ጥሩና መጥፎ ጎኖች ነበሩት።»

ጠንካራ፦ «በ1960ዎቹ የፒዮንግህዋ ገበያ ሠራተኞች ከሕግ ከለላ ውጭ የቀሩት ሕግ ስላልነበረ አይደለም፤ ሕጉን የሚያስፈጽመው ቢሮ ርካሽ ጉልበትን የኤክስፖርት ዕቅዱ አካል አድርጎ ስላየው ነው።»

ሁለተኛውን ሰው ሊቃወመው ይችላል። የመጀመሪያውን ማን ይቃወመዋል? ማንም። ስለዚህ ዋጋ የለውም። በነገራችን ላይ ሁለተኛው ትክክል ነው አላልኩም። ማስረጃ ይፈልጋል፣ ያን ማምጣት የናንተ ሥራ ነው። ቢሮው ሰው አጥቶ ሊሆን ይችላል። ሙስናም ሊሆን ይችላል። እነዚህን ሁለቱን ሳትዘጉ ወደ መደምደሚያ አትሂዱ።

እያንዳንዱ አንቀጽ ወይ ይህንን ዓረፍተ ነገር ይደግፍ፣ ወይ ይፈትነው። ሁለቱንም የማያደርገውን፣ ምንም ብትደክሙበት፣ ቁረጡት። የመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ያለው «የኮሪያ አጭር ታሪክ» ሁልጊዜ የሚቆረጠው እሱ ነው።

ደረጃ 8፦ የተቃራኒውን ወገን ጠንካራ ክርክር አስገቡ

ሂሳዊ ማለት ተሳዳቢ ማለት አይደለም። ውዳሴውን በእርግማን ከተካችሁት አማካሪያችሁ በሌላ ቀለም «ወገንተኛ» ብሎ ይመልስላችኋል።

የፓርክ ዘመን ደጋፊ በጣም ጎበዝ ቢሆን ምን ይላል? ከ1960 እስከ 1980 አማካይ ዕድሜ በአሥር ዓመት ገደማ ጨመረ ይላል። የፋብሪካ ደመወዝም በ1970ዎቹ አድጓል ይላል። ሰሜን ኮሪያ አፍንጫቸው ሥር ነበረች ይላል። ሦስቱም እውነት ናቸው። ክርክራችሁ እነዚህ እውነት ሆነው ሳለ ይቆማል ወይ? ካልቆመ ደረጃ 7ን አስተካክሉ። ከቆመ ለምን እንደቆመ ጻፉ፤ ለምሳሌ መሬት ለአራሹ የተሰጠውና አንደኛ ደረጃ ትምህርት የተስፋፋው ፓርክ ከመምጣቱ በፊት ነው። ሰውየው ባዶ ሜዳ ላይ አልጀመረም።

ደረጃ 9፦ ኢትዮጵያን ካስገባችሁ በልክ አስገቡ

ግዴታ አይደለም። ስለ ኮሪያ የተጻፈ ወረቀት ስለ ኮሪያ ሆኖ ቢቀር ምንም አይጎድለውም። «ለኢትዮጵያ የሚሰጠው ትምህርት» የሚለው የመጨረሻ አንቀጽ አብዛኛውን ጊዜ የወረቀቱ ደካማ ክፍል ነው።

የቃኘው ሻለቃ ታሪክ እውነተኛ ትስስር ነው። ወደ 6 ሺህ ኢትዮጵያውያን ተራ በተራ ዘምተዋል፤ ከ120 በላይ ሞተዋል። ግን ያ ስለ ጦርነቱ ማስረጃ ነው፣ ስለ 1970ዎቹ ፋብሪካ አይደለም። ለመግቢያ ማሳመሪያ አትጠቀሙበት። የአማርኛ ምንጭ ስትጠቅሱ ደግሞ ዓመቱን ቀይሩ፦ ዘማቾቹ የወጡበት 1943 ዓ.ም. እና 1951 አንድ ዓመት ነው። ይህንን ያልቀየረ ወረቀት ጦርነቱን ከመጀመሩ በፊት ይጀምረዋል።

ማነጻጸር ከፈለጋችሁ ተመሳሳይ ነገርን ከተመሳሳይ ጋር አድርጉ። ኢሕአዴግ ስለ ልማታዊ መንግሥት ሲያወራ ኮሪያንና ታይዋንን ይጠቅስ ነበር። ስለዚህ አንድ ነገር ነጥላችሁ ውሰዱ። መሬት፦ እዚያ ለአራሹ በባለቤትነት ተሰጠ፣ እኛ ጋ በ1967 ዓ.ም. የሕዝብ ሀብት ሆነ። ወይም የኢንዱስትሪ ዞን፦ በ1970 የተቋቋመው የማሳን ነጻ የኤክስፖርት ዞንና በ2016 የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ። ማሳን ላይ አብዛኞቹ ሠራተኞች ወጣት ሴቶች ነበሩ፤ ሐዋሳም እንዲሁ። ማሳን ሲከፈት የውጭ ባለሀብት ባለበት ኩባንያ ውስጥ ሠራተኛ እንዳይደራጅ የሚገድብ ልዩ ሕግ ወጥቶ ነበር። ሐዋሳ ላይ ምን አለ? ሄዳችሁ ጠይቁ።

*ማነጻጸሪያው ከከበዳችሁ፦* ወደ አንድ የግርጌ ማስታወሻ አውርዱት።

ከማስረከባችሁ በፊት

ወረቀቱን ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ምላሳችሁ የሚሰናከልበት ቦታ ሐሳቡም የተሰናከለበት ነው። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን አንቀጽ አጠገብ ለአጠገብ አድርጉ፤ አንድ ዓይነት ከሆኑ በመሃል ምንም አላገኛችሁም ማለት ነው። እያንዳንዱን ማጣቀሻ ከፍታችሁ የገጽ ቁጥሩን አረጋግጡ። አሰልቺ ነው። ግን መከላከያ ላይ አንዱ ፈታኝ የሚከፍተው ገጽ ያልከፈታችሁት ገጽ ነው።

አማካሪያችሁ ከዚህም በኋላ «ገለጻ ነው» ካለ አትከራከሩት፣ ቤት ሄዳችሁም ከመጀመሪያው አትጻፉ። «የትኛው አንቀጽ?» ብላችሁ ጠይቁትና በእስክርቢቶ እንዲያመለክት አድርጉ። ያመለከተውን አንቀጽ ብቻ ይዛችሁ ወደ ደረጃ 2 ተመለሱ፣ ማርከሩን አውጡ፣ ሠሪው ያልተጠራበትን ዓረፍተ ነገር ፈልጉ። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ናቸው። እነሱን አስተካክላችሁ በዚያው ሳምንት መልሱለት።